ወደ ግቢ ሲመለሱ፦ ጭንቀት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አእምሮና ስሜት እንዴት ይጎዳል?

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወደ ሀገራችን መግባቱ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ወሩ ከመጠናቀቁ በፊትም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤተሰቦቻቸው እንዲመለሱ ተደረገ። በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ፣ በአዋሮና በጉደር ግቢዎች ይማሩ የነበሩ ወጣቶች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ መናኸሪያ ሲወጡ፣ ብዙዎቹ የሚመለሱት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መስሏቸው ነበር። ደብተራቸውንና ልብሳቸውን በዶርማቸው ትተው የሄዱም አልጠፉም። ይሁን እንጂ ቆይታው ወራትን አስቆጠረ። ዩኒቨርሲቲዎች በ2013 ዓ.ም. ተመራቂ ተማሪዎችን በማስቀደም በየተራ መቀበል ሲጀምሩ፣ የተመለሰው ተማሪ በመጋቢት የሄደው ተማሪ ብቻ አልነበረም፤ የወራት ሥጋት፣ ሐዘንና ያልታወቀ ነገ አብሮት ተመልሷል።

ስለ ወረርሽኙ ሲነገር እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግና አካላዊ ርቀትን መጠበቅ በቅድሚያ ይነሣሉ፤ ተገቢም ነው። ቫይረሱ ሳይነካው በወረርሽኙ የተጎዳ ወጣት መኖሩ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጭንቀት በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አእምሮና ስሜት ላይ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ፣ በተለይም በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ካለው ኑሮ ጋር በማገናዘብ ማስረዳት ነው። ተማሪዎች፣ ወላጆች፣ መምህራንና የዶርም ጓደኞች ምን ማድረግ እንደሚችሉም ያመለክታል።

ጭንቀት ምንድን ነው?

ጭንቀት በራሱ በሽታ አይደለም። ሰውነት አደጋን ለመከላከል ወይም ከባድ ሥራን ለመወጣት የሚያደርገው ዝግጅት ነው። አንድ ሰው አደጋ እንዳለ ሲሰማው አንጎሉ ከኩላሊቶች በላይ ለሚገኙት አድሬናል ዕጢዎች መልእክት ያስተላልፋል። ከእነዚህ ዕጢዎች የሚመነጨው አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን የልብን ምት ያፋጥናል፣ ትንፋሽን ያሳጥራል፣ ጡንቻን ያጠነክራል። ቀጥሎ የሚመነጨው ኮርቲሶል ደግሞ ሰውነት ያከማቸውን ኃይል እንዲጠቀም ያደርጋል። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል። የፈተና ዋዜማ ላይ ያለ ተማሪ ልቡ ቢመታና ነቅቶ ቢያነብ ይህ መጠነኛ ጭንቀት ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

ጉዳቱ የሚጀምረው አደጋው አላልፍ ሲል ነው። ፈተና ቀን አለው፤ ያልቃል። ወረርሽኝ ግን መቼ እንደሚያበቃ አይታወቅም። አእምሮ ሁልጊዜ ለአደጋ ተጠባባቂ ሆኖ ሲውልና ሲያድር ኮርቲሶል ከሚገባው ጊዜ በላይ በደም ውስጥ ይቆያል። በዚህ ጊዜ እንቅልፍ ይዛባል። በእንቅልፍ ወቅት አንጎል ቀን የተማረውን የሚያደራጅ በመሆኑ፣ እንቅልፉ የተዛባበት ተማሪ ያነበበውን ማስታወስ ይቸግረዋል። ትኩረት ይበታተናል፤ ትንሹ ነገር ያስቆጣል ወይም ያስለቅሳል። ተማሪው «ሰነፍ ሆንሁ» ብሎ ራሱን ይወቅሳል፤ ወቀሳው ሌላ ጭንቀት ይወልዳል። እንዲህ ያለው አዙሪት ሳይቋረጥ ሲቀጥል ወደ ጭንቀት ሕመም ወይም ወደ ድብርት ሊያመራ ይችላል።

ችግሩ ከወረርሽኙ በፊትም ነበር

የዩኒቨርሲቲ ዘመን ከወረርሽኝ ውጪም ቢሆን ለአእምሮ ጤና ፈታኝ ዕድሜ ነው። አብዛኞቹ የአእምሮ ሕመሞች የሚጀምሩት በጉርምስናና በወጣትነት ዕድሜ ነው። በተመሳሳይ ጊዜ ወጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወላጆቹ ተለይቶ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ፣ ምናልባትም ባልመረጠው የትምህርት ክፍል ተመድቦ መኖር ይጀምራል።

በሀገራችን የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት በአዳማ ዩኒቨርሲቲ ከተጠየቁት ተማሪዎች 21.6 ከመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ጭንቀት ምልክቶች ታይተውባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቁጥሩ 40.9 ከመቶ ሆኖ ተገኝቷል። እነዚህ ጥናቶች ምልክቶችን በመጠይቅ የሚለዩ ናቸው፤ የተገኘው ቁጥርም ሁሉም ታመዋል ማለት ሳይሆን፣ ክትትል የሚያስፈልገው ተማሪ ብዙ መሆኑን ያመለክታል። የጎንደሩ ጥናት ከችግሩ ጋር ተያይዘው ያገኛቸው ነገሮችም ትኩረት የሚሹ ናቸው፦ ለተመደቡበት የትምህርት ክፍል ፍላጎት ማጣት፣ የቅርብ ጓደኛ አለመኖር፣ የገንዘብ ችግር፣ ከጠበቁት በታች ውጤት ማግኘትና ጫት መጠቀም ይገኙባቸዋል። ወረርሽኙ ሲመጣ ከእነዚህ አብዛኞቹን አባባሳቸው እንጂ አዲስ አልፈጠራቸውም።

ወረርሽኙ በምዕራብ ሸዋ ተማሪዎች ላይ ምን ጨመረ?

ምዕራብ ሸዋ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋ አካባቢ ነው። ከአዲስ ዓለም ተነሥቶ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ በኩል እስከ ባኮ የሚዘልቁት ከተሞች ኑሯቸው በዚህ መንገድ ላይ የተመሠረተ ነው። ገበያው፣ ምግብ ቤቱ፣ ሚኒባሱና ባጃጁ የሚንቀሳቀሰው በተጓዥ ነው። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሕዝብ ማመላለሻ ከመቀመጫው ግማሹን ብቻ እንዲጭን ሲደረግና ጉዞ ሲቀንስ፣ በአነስተኛ ንግድ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ገቢ ወዲያው ተነካ። ተማሪው ቤቱ የደረሰው እንዲህ ባለ ወቅት ነው።

ለአብነት ያህል አንዲትን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እናስብ። ቤተሰቦቿ ከባኮ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ የሚኖሩ አርሶ አደሮች ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ በመግባት ከቤተሰቡ የመጀመሪያዋ ናት። መምህሯ የትምህርት ጽሑፎችን በቴሌግራም ይልካል፤ እርሷ ግን ስልኳን ለመሙላት ከተማ መውጣት፣ ለዳታ የሚሆን ገንዘብም ወላጆቿን መጠየቅ አለባት። ወላጆቿ እርሷን በመርዳትና የክረምቱን ማዳበሪያ በመግዛት መካከል መምረጥ እንዳለባቸው ታውቃለች፤ ስለዚህም መጠየቋን ትተዋለች። ቀን የቤት ሥራ አለ፤ ሐምሌ ሲገባ የጤፍ ዘር አለ። የከተማ ተማሪዎች ወደፊት እየሄዱ እርሷ ብቻ ወደ ኋላ የቀረች ይመስላታል። ጎረቤቶች ስለ ጋብቻ ማንሣት ይጀምራሉ። ማታ ማታ እንቅልፍ ይርቃታል። የሚያስጨንቃት ቫይረሱ ብቻ አይደለም፤ ትምህርቷን ዳግመኛ እንዳትቀጥል የሚያደርጋት ነገር ይመጣል የሚለው ሥጋት ነው።

የዚህች ተማሪ ሁኔታ በብዙዎች ቤት የነበረ ነው። ከዚህ ሌላ በአካባቢው ተማሪዎች ላይ የተደራረቡ ሸክሞች እንደሚከተለው ሊታዩ ይችላሉ።

*የምረቃ መዘግየት።* በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ይመረቁ የነበሩ ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር ቀን የቆረጡ ነበሩ። ወላጅ ለምረቃ በግ ወይም ገንዘብ አስቀምጦ፣ ታናናሾችም ታላቃቸው ሥራ ይዞ እንዲያግዛቸው ጠብቀው ነበር። ምረቃው ሲዘገይ የተማሪው ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ ሁሉ ዕቅድ ይዛባል፤ ተማሪው ባላጠፋው ጥፋት ዕዳ ያለበት ሆኖ ይሰማዋል።

*የለቅሶና የማጽናናት ሥርዓት መቋረጥ።* በአካባቢው ሰው ሲሞት ዕድር ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ያድራል፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። የወረርሽኙ ገደቦች ይህን መጽናኛ አጠበቡት። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የአምቦ ተወላጅ የሆነው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ አካባቢው በከባድ ሐዘንና አለመረጋጋት ውስጥ አልፏል፤ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ስለነበር ተማሪዎች ከጓደኞቻቸው ጋር መጽናናት እንኳ ተቸግረው ነበር። በቅጡ ያልተለቀሰ ሐዘን ቆይቶ በእንቅልፍ እጦት፣ በቁጣ ወይም በድንዛዜ መልክ ሊወጣ ይችላል።

*ከሌሎች አካባቢዎች የተመደቡ ተማሪዎች ሥጋት።* አምቦ ዩኒቨርሲቲ ከመላ ሀገሪቱ የሚመጡ ተማሪዎችን ይቀበላል። ከሩቅ የሚመጣ ተማሪ የመንገድ ደኅንነት፣ የቋንቋ መለየትና በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የነበረው አለመረጋጋት ያሳስበዋል። ወላጆቹ በየቀኑ እየደወሉ «ደኅና ነህ?» ሲሉት፣ ፍቅራቸው ሥጋቱንም ሊያጋባበት ይችላል።

*መገለል።* በወረርሽኙ ወቅት በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ለይቶ ማቆያ ሆነው አገልግለዋል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ተማሪዎችን የሚተኙበት አልጋ ሳይቀር ያስፈራቸው ነበር። በቫይረሱ ተይዞ ያገገመ ተማሪም ጓደኞቹ ቢሸሹት ከሕመሙ ይልቅ መገለሉ ሊጎዳው ይችላል። አገግሞ ከለይቶ ማቆያ በሐኪም ፈቃድ የወጣ ሰው እንደማንኛውም ሰው ሊስተናገድ ይገባዋል።

ጭንቀት ከአቅም በላይ መሆኑን የሚያሳዩ ምልክቶች

በሀገራችን ሰው «አእምሮዬ ታመመ» ከማለት ይልቅ «ራሴን ያመኛል»፣ «ጨጓራዬ ተነሣ»፣ «ልቤ ይመታል» ማለት ይቀለዋል። ስለሆነም ጭንቀት ብዙ ጊዜ በአካል ሕመም ስም ወደ ጤና ተቋም ይመጣል። የሚከተሉት ምልክቶች በተደጋጋሚ ሲታዩ ልብ ማለት ያስፈልጋል፦

- በአካል፦ የራስ ምታት፣ የሆድ ሕመም፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ወይም ከልክ ማለፍ፣ ያለ ሥራ መድከም።
- በስሜት፦ የማያቋርጥ ሥጋት፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ብስጭት፣ ቀድሞ ያስደስት በነበረ ነገር ደስታ ማጣት፣ ያለ በቂ ምክንያት ራስን መውቀስ።
- በአስተሳሰብ፦ ትኩረት ማጣት፣ መርሳት፣ አንድን ገጽ ደጋግሞ አንብቦ አለመረዳት፣ ክፉ ክፉውን ብቻ ማሰብ።
- በባሕርይ፦ ከጓደኛ መራቅ፣ ከክፍል መቅረት፣ ንጽሕናን መተው፣ ስልክ አለማንሣት፣ ጫት ወይም መጠጥ ማብዛት።

አንድ ተማሪ ከእነዚህ አንዱን ለአንድ ቀን ወይም ለሁለት ቀን ቢያይ ሊደነግጥ አይገባም። ብዙዎቹ ተደምረው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩና ትምህርቱን ወይም የዕለት ኑሮውን ካወኩ ግን ባለሙያ ማማከር ያስፈልገዋል።

የጭንቀት ምልክት ወይስ የኮቪድ-19?

በወረርሽኙ ወቅት ብዙ ተማሪዎችን ያደናገረ አንድ ጉዳይ አለ። ድንገተኛ የፍርሃት ስሜት ሲነሣ ደረት ይጨንቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል። ተማሪው «ኮቪድ ያዘኝ» ብሎ ይደነግጣል፤ ድንጋጤው ትንፋሹን ይበልጥ ያሳጥረዋል። ሁለቱን ለመለየት የሚከተለው ይረዳል።

በፍርሃት የሚመጣ የትንፋሽ ማጠር በድንገት ይጀምራል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይበረታል፣ ብዙ ጊዜም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይረጋጋል። ትኩሳትና ሳል አይኖረውም። የኮቪድ-19 ምልክቶች ግን በአብዛኛው ቀስ በቀስ የሚመጡና ለቀናት የሚቆዩ ናቸው፤ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ ድካም፣ የማሽተትና የመቅመስ ስሜት ማጣት ይገኙባቸዋል። ይህ ልዩነት የሐኪም ምርመራን አይተካም። ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት፣ በቫይረሱ ከተያዘ ሰው ጋር የተገናኘ፣ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ ያልተረጋጋለት ተማሪ ራሱን ከሌሎች ለይቶ ወዲያውኑ የጤና ተቋም ማማከር ይኖርበታል፤ በወረርሽኙ ወቅት ወደ ነጻ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 መደወል ይቻል ነበር። በኦሮሚያ ክልል 6955 ላይም መደወል ይቻል ነበር።

ጫትና መጠጥ መፍትሔ ናቸው?

ለፈተና ሲዘጋጁ ነቅቶ ለማደር ጫት መቃም በብዙ ግቢዎች አካባቢ የተለመደ ነው። ጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር አንጎልን ለጊዜው ያነቃቃል፣ የልብን ምት ይጨምራል። ይሁን እንጂ ይህ በጭንቀት ወቅት ሰውነት ራሱ ከሚያደርገው ጋር ተመሳሳይ በመሆኑ፣ ቀድሞ የተጨነቀን ሰው ይበልጥ ያስጨንቀዋል። ምርቃናው ሲያልፍ ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። ያንን ለማብረድ «ጨብሲ» እየተባለ የሚጠጣው አረቄ ወይም ቢራ ደግሞ እንቅልፉን ያውከዋል እንጂ አያስተካክለውም፤ በማግሥቱም ሐዘኑን ያብሰዋል። ከዚህም በላይ በጠባብ ክፍል ተሰብስቦ መቃም፣ ሲጋራ ወይም ሺሻ መቀባበል፣ ከአንድ ኮዳ ውኃ መጠጣት ቫይረሱን ለማዛመት አመቺ ናቸው።

ተማሪው ራሱ ሊያደርገው የሚችለው

*ቀኑን ማስያዝ።* የማይታወቅ ነገ የሚያስጨንቀውን አእምሮ የሚታወቅ ዛሬ ያረጋጋዋል። የመኝታና የመነሻ ሰዓትን አንድ ማድረግ፣ የጥናት ሰዓትን ከፋፍሎ በየመሐሉ ማረፍ፣ በሳምንት አንድ ቀን ማረፍ ይጠቅማል። በተጨናነቀ የትምህርት መርሐ ግብር ውስጥ ያለፈውን ሁሉ በአንድ ሌሊት ለመሸፈን መሞከር አያዋጣም፤ ሥራውን በትንንሹ ቆርሶ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ይሻላል።

*ሰውነትን ማንቀሳቀስ።* በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ጭንቀትን ይቀንሳል፣ እንቅልፍን ያሻሽላል። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ግቢ ውስጥ ወይም በማለዳ ርቀትን ጠብቆ ወጣ ብሎ መመለስ ይበቃል።

*ትንፋሽን ማዘግየት።* ፍርሃት ሲነሣ ጀርባን አስደግፎ መቀመጥ፣ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ አየር መሳብ፣ በአፍ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ ይህንንም ለአምስት ደቂቃ መደጋገም የልብን ምት ያረጋጋል።

*ዜናን መመጠን።* ስለ ወረርሽኙም ሆነ ስለ ጸጥታ የሚነገረውን ቀኑን ሙሉ መከታተል አእምሮን ያለ ዕረፍት ለአደጋ ያዘጋጃል። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከጤና ሚኒስቴርና ከኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መረጃ መስማት ይበቃል። ምንጩ ያልታወቀ ወሬ ከመቀባበል መቆጠብ የራስንም የጓደኛንም ሰላም ይጠብቃል።

*ለሚያምኑት ሰው መናገር።* የተናገሩት ጭንቀት ይቀላል። የሚነገረው ሰው ችግሩን እንዲፈታ አይጠበቅም፤ ማዳመጡ በራሱ እርዳታ ነው።

የጓደኛ፣ የወላጅና የመምህር ድርሻ

የጓደኛን ለውጥ ከሐኪምም ከመምህርም በፊት የሚያየው የዶርም ጓደኛ ነው። አንድ ተማሪ ምግብ ሲተው፣ ቀን ተሸፋፍኖ ሲውል ወይም ዝም ሲል ጓደኞቹ ሊያልፉት አይገባም። «ሰሞኑን ልክ አይደለህም፤ ምን ሆነሃል?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም ሳያቋርጡ መስማት ተገቢ ነው። «አንተ ብቻ ነህ እንዴ!»፣ «ጠንከር በል» የሚሉ አነጋገሮች ለማበረታታት የታሰቡ ቢሆኑም፣ የተጨነቀው ሰው ዳግመኛ እንዳይናገር ያደርጉታል። አብሮ ወደ ምክር አገልግሎት ቢሮ መሄድ፣ ያመለጠውን ትምህርት ማካፈል ከምክር ይበልጣል። ርቀት መጠበቅ ማለት አካልን ማራራቅ እንጂ ወዳጅነትን ማራራቅ አይደለም።

ወላጆች ደግሞ ስለ ውጤት ከመጠየቃቸው በፊት ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ቢጠይቁ መልካም ነው። «ስንት አመጣህ?» የሚለው ጥያቄ ለተጨነቀ ልጅ እንደ ክስ ሊሰማው ይችላል። የቤቱን ችግር ከልጅ መደበቅም ሆነ ሁሉንም ሸክም በእርሱ ላይ መጣል አይጠቅምም፤ ችግሩን በልኩ ነግሮ «አንተ ትምህርትህን ቀጥል፣ ይህንን እኛ እንይዘዋለን» ማለት ያሳርፈዋል። ሴት ልጅ ትምህርቷ በመቋረጡ ምክንያት እንድትዳር መገፋፋት የወደፊት ሕይወቷን የሚያውክ ከመሆኑም በላይ ለከባድ ድብርት የሚዳርግ ነው።

መምህራን በተጣበበው መርሐ ግብር ውስጥም ቢሆን የፈተናና የሥራ ማስረከቢያ ቀናትን አስቀድመው ግልጽ በማድረግ ብዙ ጭንቀት ሊቀንሱ ይችላሉ። ከክፍል የሚቀር ወይም ውጤቱ በድንገት ያሽቆለቆለ ተማሪ ሲያዩ ከመቅጣት በፊት ምክንያቱን መጠየቅ ይገባቸዋል። ትምህርቱን ለጊዜው ማቋረጥ የሚያስፈልገው ተማሪ ሬጅስትራር ቀርቦ በሥርዓቱ ፎርም ቢሞላ የመመለስ መብቱ እንደሚጠበቅለት ማስረዳትም ያስፈልጋል፤ ይህን ባለማወቅ በዝምታ ጠፍተው የቀሩ ተማሪዎች አሉና።

የባለሙያ እርዳታ መቼና የት?

ምልክቶቹ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ፣ እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ፣ ተማሪው ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ወይም ያለ ምክንያት ሰው ሁሉ ያሳድደኛል የሚል ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በር የግቢው ክሊኒክና የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ነው። በቤተሰቡ ዘንድ ያለ ተማሪ በቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አማካይነት ወደ ጤና ጣቢያ ሊሄድ ይችላል። በአምቦ ከተማ የሚገኙት ሆስፒታሎች፣ እንዲሁም የጌዶና የጊንደበረት ሆስፒታሎች በአቅራቢያው ላለው ሕዝብ አገልግሎት ይሰጣሉ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ታካሚ በሪፈር አዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል።

ብዙ ቤተሰቦች የአእምሮ ሕመም ሲገጥማቸው መጀመሪያ ወደ ጸበል፣ ወደ ጸሎት ቤት ወይም ወደ አገር ሽማግሌ ይሄዳሉ። እምነትና የወገን መሰብሰብ ለሕመምተኛው ትልቅ ኃይል ናቸው፤ ከሕክምና ጋርም አይቃረኑም። ጉዳት የሚመጣው ሕመምተኛው ሲታሰር፣ ሲደበደብ ወይም የታዘዘለትን መድኃኒት እንዲያቋርጥ ሲደረግ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል፤ ይገባልም።

አንድ ተማሪ «መኖር ሰልችቶኛል»፣ «እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር» የሚል ንግግር ካሰማ፣ ዕቃውን ለሰው ማከፋፈል ወይም ጓደኞቹን እንደሚሰናበት ሰው መሆን ከጀመረ ጉዳዩ አጣዳፊ ነው። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ ይልቁንም ብቻውን የተሸከመውን እንዲያካፍል ያስችለዋል። በዚህ ጊዜ ብቻውን አለመተው፣ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ ማራቅና በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወዲያውኑ መውሰድ ያስፈልጋል። «ማንም እንዳይሰማ» ብሎ ቃል ያስገባ ቢሆን እንኳ፣ ሕይወቱን ለማትረፍ ለባለሙያ መናገር ክህደት አይደለም።

ማጠቃለያ

የባኮዋን ተማሪ እንደገና እናስባት። ወደ ግቢ ተመልሳለች እንበል። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጋለች፤ እጇን ታጥባ ወደ ክፍል ትገባለች። መምህሯ የፈተናውን ቀን አስቀድሞ ነግሯታል። የዶርም ጓደኛዋ በቤት ሳለች ያላገኘቻቸውን ጽሑፎች አካፍላታለች። አባቷ ደውሎ በመጀመሪያ የጠየቃት ስለ እንቅልፏ ነው። ጭንቀቷ ጨርሶ አልጠፋም፤ አሁን ግን ብቻዋን አልተሸከመችውም። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መድኃኒት ወይም ልዩ መሣሪያ ሳይሆን፣ በዙሪያዋ ያሉ ሰዎች እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ማወቃቸው ነው።

ቫይረሱን ለመከላከል መራራቅ ያስፈልግ ነበር። ጭንቀትን ለመከላከል ደግሞ መጠያየቅ ያስፈልጋል። በወረርሽኙ ወቅት ሁለቱም የእያንዳንዱ ተማሪ፣ ቤተሰብና ተቋም ኃላፊነቶች ነበሩ።